ዲስክን ከዕጢ ስለ መለየት

በየቤታችን «ወገቤን» የሚል ድምፅ ሳይሰማ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። እናት ከምጣዱ ቀና ስትል፣ አባት ከመኪና ሲወርድ፣ አዛውንቱ ከስግደት ሲነሡ ይህችኑ ቃል ይናገራሉ። ቃሉ የተለመደ ስለ ሆነ ሕመሙም እንደ ተለመደ ይቈጠራል። አብዛኛው ሰው ጥቂት ሳምንታት ተጠንቅቆ ይሻለዋል፤ ወደ ሥራውም ይመለሳል። አንዳንዱ ግን ሕመሙ አልለቀው ሲል ወደ ሐኪም ይሄዳል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል፤ ከዚያም ከሁለት ስሞች አንዱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንደኛው ስም «ዲስክ» ሁለተኛው ስም «ዕጢ» ነው።

እነዚህ ሁለት ስሞች በቤተ ሰብ መካከል የሚያደርጉት ሥራ እጅግ የተለያየ ነው። «ዲስክ ነው» ሲባል ሁሉም ይረጋጋል፤ ጎረቤቱም «እኔም አለብኝ» እያለ ያጽናናል። «ዕጢ ነው» ሲባል ግን በሽተኛው ገና በሕይወት ሳለ ቤቱ የለቅሶ ቤት ይመስላል። እኔም በአክስቴና በታናሽ ወንድሜ ሕመም ምክንያት ሁለቱን ስሞች በቅርብ ለማወቅ ደርሻለሁ። አክስቴ ዲስክ ነው ተብለው ሳለ ዕጢ ተገኘባቸው፤ ወንድሜ ደግሞ ዕጢ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ሳለ ዲስክ ሆኖ ተገኘ። ከሁለቱ የተማርሁት ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ ስሙ በተነገረን ጊዜ፣ ከመደሰትም ከማልቀስም በፊት፣ «ይህ ስም በምን ታወቀ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ይገባል።

በመጀመሪያ የአካላችንን አሠራር እንመልከት። የጀርባችን አጥንት አንድ ወጥ በትር አይደለም። በአንገት 7፣ በደረት ጀርባ 12፣ በወገብ 5፣ በጠቅላላው 24 አጥንቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው የቆሙበት ዓምድ ነው። በእነዚህም መካከል ዲስክ የሚባሉ እንደ ትራስ ያሉ ነገሮች አሉ። የዲስክ ውጫዊ ክፍል ጠንካራ ቀለበት ነው፤ ውስጡ ግን ለስላሳና ውሃ የያዘ ነው። ከአጥንቶቹ በስተኋላ ባለው ቦይ ውስጥ ሕብለ ሰረሰር ከአንጎል ተነሥቶ ይወርዳል። ይሁን እንጂ እስከ ታች አይደርስም፤ በአዋቂ ሰው ላይ ከወገብ አጥንቶች በመጀመሪያዪቱ ወይም በሁለተኛዪቱ አጠገብ ያበቃል። ከዚያ በታች በቦዩ ውስጥ የሚወርዱት እንደ ፈረስ ጭራ የተበተኑ የነርቭ ሥሮች ናቸው። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ ስለ አክስቴ ስናገር ይጠቅመናልና።

እንግዲህ ቦዩ ጠባብ ነው። የዲስኩ ቀለበት ተቀድዶ ውስጡ ወደ ኋላ ቢወጣ ነርቭን ይጫናል፤ ዕጢም በዚያው ስፍራ ቢበቅል እንዲሁ ነርቭን ይጫናል። ነርቭም የተጫነው ማን እንደ ሆነ ለይቶ መናገር አይችልም፤ መታመምን፣ መደንዘዝንና መዛልን ብቻ ያሳውቃል። ሁለቱ በሽታዎች ሲነገሩ የሚመሳሰሉት ስለዚህ ነው።

በዚህ ነገር የተሳሳቱት ተራ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ታላላቅ ሐኪሞችም ጭምር ናቸው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1909 ዓ.ም. የበርሊን ሰዎች የሆኑት የነርቭ ሐኪሙ ኦፔንሃይምና ቀዶ ሐኪሙ ክራውዘ፣ ከበሽተኛ ወገብ ውስጥ ነርቭን የተጫነ ቁራጭ አውጥተው በሽተኛውን እንደ ፈወሱ ጻፉ። ዳሩ ግን ያወጡት ነገር የዲስክ ቁራጭ መሆኑን አላወቁም፤ እንደ ጆሮ አጥንት ከሚለመጥ ለስላሳ አጥንት የበቀለ ዕጢ ነው ብለው መዘገቡት። ከዚያም በኋላ ሃያ ዓመት ያህል በአውሮፓና በአሜሪካ ሐኪም ቤቶች ይህን የመሰለ ቁራጭ በወጣ ቍጥር በመዝገብ ላይ «ዕጢ» እየተባለ ይጻፍ ነበር።

በ1929 ዓ.ም. በባልቲሞር ከተማ ዋልተር ዳንዲ የተባለው ቀዶ ሐኪም፣ ከዲስክ የተለየ ቁራጭ የሕብለ ሰረሰር ዕጢን መስሎ እንደሚታይ በሁለት በሽተኞች አስረዳ። በዚያው ዘመን በድሬስደን የነበረው ሽሞርል በሺህ የሚቈጠሩ የሙታንን አከርካሪዎች እየመረመረ ዲስክ እንዴት እንደሚጐዳ ያጠና ነበር። በቦስተን ደግሞ ጆሴፍ ባር የተባለው የአጥንት ሐኪም የሽሞርልን ሥራ አንብቦ ነበርና፣ ባልደረባው ዊልያም ሚክስተር ከአንድ በሽተኛ ያወጣው «ዕጢ» በእውነት ዕጢ መሆኑን ተጠራጠረ። ስለዚህም በሐኪም ቤቱ ተጠብቀው የኖሩት የቀድሞ ቁራጮች እንደ ገና ወጥተው፣ ከጤነኛ ዲስክ ጋር በማይክሮስኮፕ ተመሳከሩ። ዕጢ የሚል ስም ከተጻፈባቸው ብዙዎቹ ዲስክ ሆነው ተገኙ። ሁለቱ ሐኪሞች በ1934 ዓ.ም. የ19 በሽተኞችን ነገር አዘጋጅተው ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ይህ ጉዳት ሲታሰብ እንደ ኖረው ብርቅ እንዳልሆነና ብዙ ጊዜ በስሕተት ዕጢ ሲባል እንደ ቈየ ለዓለም አሳወቁ።

ከዚህ ታሪክ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የሚክስተር ትሕትና ነው። በገዛ እጁ አውጥቶ ስም የሰጠውን ነገር ሌላው ሲጠራጠርበት አልተቈጣም፤ አብሮ መረመረ፤ ከባርም ጋር አንድ ላይ ጻፈ። የሕክምና ዕውቀት ያደገው በመዝገብ የተጻፈ ስም እንደ ገና ሊመረመር የሚችል መሆኑን በተቀበሉ ሰዎች ነው።

ከ1934 ዓ.ም. በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ዲስክ የሚለው ስም እጅግ ስለ ታወቀ፣ ዛሬ የወገብ ሕመም ሁሉ ዲስክ እየተባለ ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ ኤም አር አይ የሚባለው መሣሪያ አጥንትን ብቻ ሳይሆን ዲስክን፣ ነርቭንና ሕብለ ሰረሰርን አጥርቶ ስለሚያሳይ ታላቅ በረከት ሆኗል። ነገር ግን የሚያሳየው ሁሉ የሕመሙ ምክንያት ነው ማለት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የወጣ አንድ ምርመራ፣ ምንም የጀርባ ሕመም ከሌላቸው ሰዎች መካከል ዕድሜያቸው 20 ዓመት ከሆነው ከመቶ 30፣ ዕድሜያቸው 80 ዓመት ከሆነው ደግሞ ከመቶ 84 የሚሆኑት ዲስካቸው አብጦ እንደሚታይ አመልክቷል። እንግዲህ ዲስክ ማበጥ እንደ ጠጕር መሸበት ያለ የዕድሜ ምልክት ሊሆን ይችላል። በአንድ አዛውንት ፎቶግራፍ ላይ ያበጠ ዲስክ መገኘቱ፣ ሌላ ነገር አለመኖሩን አያረጋግጥም።

በአክስቴ ላይ የደረሰው ይህ ነው። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ጥቂት ያለፈ ሲሆን፣ ጀርባቸውን ባመማቸው ጊዜ የታችኛው ወገባቸው ብቻ ፎቶግራፍ ተነሣ። በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ አብጦ ታየ። መድኃኒትና የወገብ መደገፊያ ተሰጣቸው፤ ልጆቻቸውም ተጽናኑ። ወራት ሲያልፉ ሕመሙ እምብዛም ሳይጨምር እግራቸው እየከበደ ሄደ። ጫማቸው በምንጣፍ ጠርዝ ይያዝ ጀመር። ሲራመዱ ጕልበታቸው እንደ ልብ አይታጠፍም። «መቀነቴ ጠበቀብኝ» እያሉ ያላሉታል፤ ቢያላሉትም በእንብርታቸው ዙሪያ የታሰረ ነገር ያለ ይመስላቸዋል። ይህን ሁሉ ሲናገሩ የሚያገኙት መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ «ዲስኩ ነው» ይባላሉ።

በመጨረሻ ወደ አንዲት ወጣት ሐኪም ወሰድናቸው። እርስዋም ፎቶግራፉን ከማየትዋ በፊት «እማማ፣ እስኪ ወዲያ ወዲህ ይራመዱልኝ» አለቻቸው። ከዚያም አስተኝታ በመርፌ ጫፍ ከጭናቸው ጀምራ ወደ ላይ እየነካካች «ይወጋል ወይ?» ትላቸው ነበር። ከእንብርታቸው በታች መንካቱን እንጂ መውጋቱን አያውቁትም፤ ከእንብርታቸው በላይ ግን «ኧረ ልጄ፣ ይሄማ ይወጋል!» አሉ። ጕልበታቸውን በትንሽ መዶሻ ስትመታው እግራቸው ከልክ በላይ ዘለለ። የእግራቸውንም ውስጥ በቍልፍ ጫፍ ስታሻሽ፣ አውራ ጣታቸው ወደ ታች በመታጠፍ ፈንታ ወደ ላይ ቀና አለ። ይህ ምልክት በ1896 ዓ.ም. በገለጸው በፓሪሱ ሐኪም በባቢንስኪ ስም ይጠራል።

ሐኪሟ ትርጕሙን ስታስረዳን እንዲህ አለች። በታችኛው ወገብ ያለ ዲስክ የሚጫነው የነርቭ ሥሮችን ነው፤ ሕብለ ሰረሰር ከዚያ በላይ አብቅቷልና። የነርቭ ሥር ሲጫን እግር ይልላል፤ በመዶሻ ሲመታም ምላሹ ይደክማል። የአክስቴ እግር ግን ግትር ነው፤ ምላሹም በርትቷል፤ ጣታቸውም ወደ ላይ ተነሥቷል። ይህ የተጫነው ራሱ ሕብለ ሰረሰር መሆኑን፣ ስፍራውም ከወገብ በላይ መሆኑን ያመለክታል። ፎቶግራፉ ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን የተነሣው ችግሩ ካለበት ስፍራ በታች ነበር።

በዚያው ሳምንት የደረታቸው ጀርባ በኤም አር አይ ታየ። ሕብለ ሰረሰርን ከሚሸፍነው ስስ ልባስ የበቀለ ዕጢ ተገኘ። ሜኒንጅዮማ ይባላል፤ በአብዛኛው በሴቶች ላይ፣ ይልቁንም በመካከለኛና ከዚያ በላይ ባለ ዕድሜ፣ ብዙ ጊዜም በደረት ጀርባ የሚገኝ ነው። በዝግታ ያድጋል፤ አብዛኛውም ካንሰር አይደለም። በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሲመረመር የአክስቴም ካንሰር አለመሆኑ ታወቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ በምርኵዝ እየተደገፉ መራመድ ጀመሩ፤ ዛሬም ይራመዳሉ። ቢዘገይ ኖሮ ግን ሕብለ ሰረሰር ረጅም ጊዜ ከተጫነ በኋላ ሁልጊዜ ወደ ቀድሞው አይመለስምና፣ እግራቸውን ባጡ ነበር። ስለዚህ ሁለት ነገር እናስተውል፤ ዲስክ የሚለው ስም ሁልጊዜ ደኅንነት አይደለም፤ ዕጢ የሚለውም ስም ሁልጊዜ ሞት አይደለም።

የወንድሜ ነገር ደግሞ በተቃራኒው ነው። ከባድ ዕቃ ካነሣ በኋላ ሕመሙ ከመቀመጫው ተነሥቶ በጭኑና በባቱ በኩል እስከ እግሩ ጣት ይወርድ ጀመር። በኤም አር አይ ሲታይ በቦዩ ውስጥ፣ ከዲስኩ ርቆ፣ ከአጥንቱ በስተኋላ የተቀመጠ እብጠት ተገኘ። በወረቀቱም ላይ «ዕጢ ሊሆን ይችላል» ተብሎ ተጻፈ። «ሊሆን ይችላል» የሚለው ቃል በቤታችን አልተሰማም፤ «ዕጢ» የሚለው ብቻ ተሰማ። እናታችን በየጓዳው ታለቅስ ነበር፤ ዘመድ ሁሉ በሹክሹክታ ይነጋገር ነበር፤ ወንድሜም ከፊታችን ላይ ፍርዱን ያነብ ነበር።

የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ግን በወረቀቱ አልተቸኰለም። ጋዶሊንየም የሚባል አጕሊ ፈሳሽ በክንዱ የደም ሥር ገብቶ ፎቶግራፉ እንደ ገና እንዲነሣ አዘዘ። ምክንያቱንም ሲያስረዳን፣ ዕጢ በደም የሚኖር ስለ ሆነ ፈሳሹ አብዛኛውን ጊዜ በመላ አካሉ ውስጥ ገብቶ ያበራዋል፤ ከዲስክ ተቈርጦ የወጣ ቁራጭ ግን በውስጡ የደም ሥር የለውም። ስለዚህ መካከሉ ጨለማ ሆኖ ይቀራል፤ ሰውነት ቁራጩን ሊያጠፋ የከበበበት ጠርዝ ብቻ እንደ ቀለበት ያበራል አለን። በወንድሜም ፎቶግራፍ ላይ የታየው ቀለበቱ ነው። የእግሩ ኀይል አልደከመም፤ ሽንቱም አልታወከም ነበርና ሳይቀደድ በጥንቃቄ እንዲጠበቅ ተደረገ። ከወራት በኋላ እንደ ገና ሲታይ ቁራጩ እጅግ አንሶ ነበር። እንዲህ ያሉ ቁራጮችን ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ እንደሚያጠፋቸው በብዙ በሽተኞች ላይ ታይቷል። ይሁን እንጂ የቀለበቱ ምልክትም አንዳንድ ጊዜ ያሳስታል፤ ጥርጣሬ ከቀረ የመጨረሻው ዳኛ ቁራጩ ራሱ በማይክሮስኮፕ ሥር ሲመረመር ነው። ባርና ሚክስተር የሄዱበት መንገድ ዛሬም አልተተወም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ሐኪም መሆን ባንችል ለሐኪም እውነተኛ ምስክር መሆን እንችላለን። ወገቡን ከሚታመም ሰው መካከል ሕመሙ ከካንሰር የመጣበት እጅግ ጥቂት ነው፤ ወደ ተራ ክሊኒክ ከሚመጡት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ወገቡን ያመመው ሁሉ አይደንግጥ። ጥቂቶቹን ከብዙዎቹ ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች ግን አሉ።

የዲስክ ሕመም ብዙ ጊዜ ሲቀመጡ፣ ሲያጐነብሱና ሲያስሉ ይብሳል፤ ጋደም ሲሉ ይቀላል። ተኝተውም የማይለቅ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስና ከሳምንት ወደ ሳምንት የሚጨምር ሕመም መመርመር ይገባዋል። ከወገብ ዲስክ መውጣት ከመቶ 90 የሚበልጠው በታችኛዎቹ ሁለት ዲስኮች ላይ ነው፤ በደረት ጀርባ ግን ሕመም የሚያመጣ ዲስክ ጥቂት ነው፤ ከሌላ ስፍራ የሚመጣ ካንሰር ደግሞ ያን ስፍራ ያዘወትራል። ስለዚህ በትከሻ አጥንቶች መካከል ወይም ከዚያ በታች የጸና ሕመም ሲኖር «ዲስክ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ያለ ምክንያት መክሳት፣ ትኵሳትና የሌሊት ላብም ሊነገሩ ይገባቸዋል። እነዚህ በተለይ ወደ አከርካሪ የገባ ቲቢን ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ ይህም በአገራችን የሚገኝና በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። ተራ ራጅ ንጹሕ መስሎ መታየቱም አይበቃም፤ ዕጢ አጥንትን ከመቶ 30 እስከ 50 ያህል እስኪበላው ድረስ በራጅ ላይ ላይታይ ይችላልና።

ከምልክቶች ሁሉ የሚበልጠው ግን በሽተኛው ከዚህ በፊት ካንሰር ታክሞ እንደ ሆነ ማወቅ ነው። የጡት፣ የሳንባ፣ የኩላሊት፣ የእንቅርትና የፕሮስቴት ካንሰር ወደ አከርካሪ አጥንት ይሄዳል። እዚህ ላይ የእኛ ልማድ ይጐዳናል። እናት ከዓመታት በፊት ከጡትዋ ያስወጣችውን እብጠት ከልጆችዋ ትሰውራለች፤ ልጆችም የአባታቸውን በሽታ ስም ከራሱ ከአባታቸው ይሰውራሉ። ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ወገቡን ያመመው ሰው ሐኪም ፊት ቀርቦ «ከዚህ በፊት ምን ታመው ነበር?» ሲባል «ምንም» ቢል፣ ሐኪሙ የሚመራበት ዋናው መብራት ጠፋ ማለት ነው። ለጎረቤት መሰወር ይቻል ይሆናል፤ ለሐኪም መሰወር ግን አይገባም።

ከሁሉ የሚያስቸኵል ደግሞ አለ። ሽንት አልወጣ ቢል ወይም ሳይታወቅ ቢፈስስ፣ ሰው በኮርቻ ሲቀመጥ ኮርቻውን የሚነካው የሰውነት ክፍል ቢደነዝዝ፣ ሁለቱም እግሮች ባንድነት ቢዝሉ፣ ዲስክም ይሁን ዕጢ ለነገ የሚባል አይደለም። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። እንዲሁም እነዚህን ምልክቶች ያየ ቤተ ሰብ በሽተኛውን ወደ ወጌሻ ወስዶ ጀርባውን አያሳሽ። በዕጢ ወይም በቲቢ የተበላ አጥንት በኀይል ሲጫኑት ሊሰበርና ሕብለ ሰረሰርን ሊጐዳ ይችላል።

የተወደዳችሁ አንባብያን ሆይ፤ ከእናንተ ማንም ቢሆን አረጋዊ ወላጁን ይዞ ወደ ሐኪም ሲሄድ፣ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ ሌሊት እንዴት እንደሚያድር፣ አረማመዱ እንዴት እንደ ተለወጠ፣ ከዚህ በፊት ምን እንደ ታመመ በአንዲት ወረቀት ጽፎ ይሂድ። የቀድሞ ፎቶግራፎችንም አይጣል። ስም ሲነገረውም «ይህ የታየው ዲስክ ከሚሰማቸው ሕመም ጋር በስፍራው ይስማማል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ ሐኪምን መድፈር አይደለም፤ አስተዋይ ሐኪም ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ራሱን ጠይቆታልና። አረጋዊው በቤቱ «እግሬ ከበደኝ፤ መቀነቴ ጠበቀኝ» ሲል፣ «ዕድሜ ነው» ብለን ከመመለሳችን በፊት ቃሉን እስከ መጨረሻው እንስማው።